ከሊማሊሞ ግርጌ እስከ ጎንደር፦ የቁስለኛው መንገድ በማን እጅ ነው?

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ዳባትን፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላ ደግሞ ደባርቅን ያገኛል። እስከዚያ ድረስ መንገዱ ደጋ ለደጋ ነው፤ ግራ ቀኙ ገብስና ስንዴ፣ ብርዱም አጥንት ድረስ የሚዘልቅ። ከደባርቅ ጥቂት አለፍ ሲሉ ግን ምድሩ ድንገት ይቆረጣል። ሊማሊሞ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየጠረበ ያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዛሪማ፣ ከዚያም ወደ አዲአርቃይና ወደ ተከዜ ያመራል። ይህ ቁልቁለት ለጎብኚ ውበት ነው። ለቁስለኛ ግን አቀበት ነው።

እንበል አንድ ወታደር ከዛሪማ አካባቢ ታፋው ላይ በጥይት ተመታ። ዋናው የደም ሥሩ ከተበጠሰ የቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። አዲስ አበባ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ውስጥ ስንት ስፔሻሊስት መኖሩ በዚያች ቅጽበት ለዚህ ልጅ አንዳች አይፈይድለትም። የሚፈይድለት አጠገቡ ያለው ጓዱ በኪሱ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ መያዙና እንዴት አጥብቆ እንደሚያስር ማወቁ ነው። ቀጥሎ ቃሬዛና ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ቀጥሎ መኪና፣ ቀጥሎ ደም፣ ቀጥሎ ሆድና ደረት መክፈት የሚችል ሐኪም።

ስለ አገር ሠራዊት ሕክምና ሲወራ ቀድሞ የሚታየን ትልቁ ሆስፒታል ነው፤ የመከላከያ ጤና ዋና መምሪያ፣ የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ ቢሾፍቱ ያለው የአየር ኃይል ሆስፒታል። እነዚህ ሁሉ የግድ የሚያስፈልጉ ናቸው። ነገር ግን አገልግሎቱን ለመረዳት ቁስለኛው በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ከታች ወደ ላይ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ።

በመደበኛ ሠራዊት ዘንድ ሕክምናው የጦሩን አደረጃጀት ተከትሎ ይዋቀራል። ከሻምበሉ ጋር የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚሰጥ ባለሙያ አብሮ ይዘምታል። ሻለቃው የሕክምና ጣቢያ አለው፤ እዚያ ያለው ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ደም መቆሙን፣ ትንፋሽ መኖሩን አረጋግጦ፣ የሕመም ማስታገሻና ፈሳሽ ሰጥቶ ወደ ኋላ ይልካል። ከብርጌድና ከክፍለ ጦር በኋላ ነፍስ አድን ቀዶ ሕክምና ይመጣል፤ ከዚያ የዕዝ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም በዋና ከተማ ያለው ጠቅላላ ሆስፒታል። የኢትዮጵያ ወታደሮች በላይቤሪያ፣ በዳርፉርና በአብዬ ያገለገሉበት የተባበሩት መንግሥታት ሰላም ማስከበርም ይህንኑ በደረጃ ይከፍለዋል። አንደኛው ደረጃ በቀን እስከ 20 ተመላላሽ ታካሚ የሚያይና 5 ሰው ለሁለት ቀን የሚያስተኛ ክሊኒክ ነው። ሁለተኛው 20 አልጋ ኖሮት በቀን 3 ወይም 4 ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ነው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የታችኞቹ ጣቢያዎች ሥራ መፈወስ አይደለም፤ ሰውየውን በሕይወት ለሚቀጥለው ማስረከብ ነው። ሻለቃው ላይ ያለ ሐኪም አንድን እግር ለማዳን ሁለት ሰዓት ቢታገል ከኋላው የተሰለፉት ሦስት ሰዎች ይሞቱበታል። ስለዚህ የቁስለኛ ልየታ የሚባለው ከባድ ውሳኔ ይመጣል፦ ማን አሁን ይሂድ፣ ማን ይጠብቅ፣ ማንን ከማጽናናት በቀር ምንም ማድረግ አይቻልም። ይህን የሚወስነው ማዕረግ አይደለም፤ ቁስሉ ነው። ጠላትም ቢሆን ቁስሉ ከባሰ ይቀድማል። በጄኔቫ ስምምነቶች የተጻፈው ሕግ ይኸው ነው፤ ኢትዮጵያም ይህን ሕግ የተቀበለችው ገና በ1927 ነው።

ጊዜውን ደግሞ እንየው። የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ የመጀመሪያ ዕርዳታ በ10 ደቂቃ፣ የላቀ የድንገተኛ ሕክምና በ1 ሰዓት፣ ቀዶ ሕክምና በ2 ሰዓት ውስጥ እንዲደርስ ይጠይቃል። የአሜሪካ ወታደራዊ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 በጦር ሜዳ የሞቱባቸውን 4,596 ወታደሮች መዝገብ ሲመረምሩ 87 በመቶው ሕክምና ተቋም ከመድረሳቸው በፊት የሞቱ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አንድ አራተኛው ያህል ሊተርፉ ይችሉ ነበር፤ ሊተርፉ ይችሉ ከነበሩት መካከልም ከአስሩ ዘጠኙን የገደለው የደም መፍሰስ ነበር። ሄሊኮፕተር የሞላው ጦር እንዲህ ከሆነ፣ በሊማሊሞ መንገድ የሚመላለስ ጦር ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

በዚህ መለኪያ የወታደራችንን መንገድ እንከተል። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው ጎንደር ብቻ ከሆነ፣ ቁስለኛው መጀመሪያ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያ ጠመዝማዛውን አቀበት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያ ገና 100 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። በሁለት ሰዓት አይሆንም፤ መኪናው ወዲያው ቢገኝ እንኳ አይሆንም። በሄሊኮፕተርስ? ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ትበልጣለች፤ አየሩ ሲሳሳ ሄሊኮፕተር የሚያነሳው ጭነት ይቀንሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ ሊማሊሞን ለቀናት ሊሸፍነው ይችላል። በእኔ ግምት እንግዲህ የዚህ አካባቢ የቁስለኛ ካርታ ማዕከሉ ጎንደር ሳይሆን ደባርቅ ነው። ደባርቅ ላይ ሆድ ከፍቶ ደም የሚያቆም እጅና የሚሰጥ ደም ከሌለ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የሚደርሰው ለታደለው ብቻ ነው።

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፣ ከሁለቱም ወገን የቆሰለው ሰው ሕክምናው ወጌሻና ዘመድ ነበር። ወጌሻው የተሰበረ አጥንት በመጠገን የተካነ ነበር፤ ዛሬም ገጠሩ ያምነዋል። ጥይት ለበሳው ሆድ ግን መላ አልነበረውም። በ1888 በዓድዋም ነገሩ ያው ነበር፤ የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ አዲስ አበባ ገብቶ ሆስፒታል የተከለው ጦርነቱ ካለፈ ከወራት በኋላ ነው። የጎደለው ሆስፒታል ብቻ ነበር ማለት ግን ስህተት ነው። የጎደለው ከሜዳው እስከ ሆስፒታሉ ያለው መንገድ ነበር።

በ1928 ያ ጉድለት በሰሜን ተራሮች ግርጌ በገሃድ ታየ። ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር አስከትለው፣ ደጃዝማች አያሌው ብሩ የወገራንና የሰሜንን ሰው ይዘው ወደ ተከዜ ወረዱ፤ ታኅሣሥ 5 ቀን ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ታንከኞች ድል አደረጉ። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13፣ አውሮፕላኖች ወደ ተከዜ ዳር መጥተው በርሜል መሰል ነገር ጣሉ። ራስ እምሩ በኋላ እንደመሰከሩት ከውስጡ የፈሰሰው ፈሳሽ የነካውን ሁሉ አቃጠለ፤ ይህን የሚያቃጥል ዝናብ እንዴት እንደሚዋጉት እሳቸውም አላወቁም። የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። በጋዝ የተቃጠለ ሰው የሚያስፈልገው ልብሱን ማውለቅ፣ ገላውን በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ዓይኑን ማጽዳት ነው፤ እነዚያ ወታደሮች ግን ወደ ወንዙ ሲሮጡ ወንዙም ተበክሎ ነበር።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927፣ ማለትም ጦርነቱ ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ነው። በዘመናዊ ሕክምና የተመረቀ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁት ዶክተር መላኩ በያን ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ወደ ጦር ሜዳ መጡ። ስዊድን፣ እንግሊዝ፣ ኖርዌይ፣ ሆላንድ፣ ፊንላንድና ግብፅ የሕክምና ቡድን ላኩ። የጣሊያን አውሮፕላኖች የስዊድኑን ቡድን ታኅሣሥ 20 መልካ ዲዳ ላይ፣ በዶክተር ጆን ሜሊ ይመራ የነበረውን የእንግሊዙን ቡድን ደግሞ የካቲት 25 ቆረም አቅራቢያ ደበደቡ። ቀይ መስቀሉ በድንኳኑ ላይ ተዘርግቶ እየታየ ነው የተመታው። ሕክምና በሰንሰለት ካልተዋቀረና በአንድ ቦታ ከተከማቸ፣ አንድ ቦምብ የአንድ ግንባርን ሕክምና ሁሉ ያጠፋል፤ ከዚያ ጦርነት ሐኪሞች ሊማሩት የሚገባው አንዱ ነገር ይህ ነበር።

ከድል በኋላ ብዙ ተገንብቷል። በእንግሊዝ አገር በነርስነት ሠልጥነው በ1934 በነቀምቴ በወሊድ ላይ ያረፉት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆኖ፣ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ ያሰባሰቡለት ሆስፒታል በ1944 ተከፈተ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ጠቅላላ ሆስፒታል የምንለው እሱ ነው። በወሊድ ላይ ለሞተች እናት መታሰቢያ የተሠራ ቤት የአገሪቱ ትልቁ የወታደር ሆስፒታል መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ ደግሞም ኋላ ላይ ከምናገረው ነገር ጋር ይገናኛል።

የቃኘው ሻለቃዎች ኮሪያ ሲዘምቱ ሙሉ ሰንሰለት ምን እንደሚመስል ኢትዮጵያውያን በዓይናቸው አዩ። ከምሽጉ ወደ ሻለቃው ጣቢያ፣ ከዚያ ከግንባሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ወደተተከለው ተንቀሳቃሽ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ጃፓን። 536 ወታደሮቻችን ቆስለዋል፤ 121 ሞተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታል ከደረሱ የአሜሪካ ቁስለኞች 4.5 በመቶው ይሞቱ ነበር፤ በኮሪያ ወደ 2.5 በመቶ ወረደ። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ መድኃኒት ብቻ አልነበረም። ቀዶ ሐኪሙ ወደ ቁስለኛው መጠጋቱ ነበር።

ወደ ሰሜን ተራሮች ግርጌ ልመለስ። ሠራዊት በራሱ ሰንሰለት ብቻ አይኖርም፤ በተለይ በአገሩ ምድር ሲዋጋ። በ2013 ክረምት የትግራዩ ጦርነት አዲአርቃይን አልፎ ወደ ደባርቅና ዳባት ሲጠጋ የሆነው ይህ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በቁስለኛ ተጨናነቀ። ደባርቅ በተፈናቃይ ሞላች። በነሐሴ መጨረሻ ከዳባት ብዙም በማይርቀው በጭና ተክለ ሃይማኖት በትግራይ ተዋጊዎች ተገደሉ የተባሉ ሰላማዊ ሰዎች ቁጥር፣ የአካባቢው አስተዳደር በወቅቱ እንደገለጸው፣ 120 ደርሶ ነበር። በጭና ሴቶች ላይ የተፈጸመውን የመደፈር ጥቃት አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 በሪፖርት አውጥቷል። ከተከዜ ማዶም ቢሆን፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በመጋቢት 2013 እንዳስታወቀው ቡድኖቹ ከጎበኟቸው 106 የትግራይ ጤና ተቋማት በወጉ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶው ብቻ ነበሩ። ወታደሩ፣ ገበሬው፣ የተደፈረችው ሴት፣ ምጥ የያዛት እናት፣ ሁሉም የሚመጡት ወደ አንድ በር ነው። የተደፈረች ሴት ከኤችአይቪ የሚጠብቃትን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት፤ የጦር ሕክምና ዕቅድ አውጪዎች ሰዓት ሲቆጥሩ ይህንንም ሰዓት መቁጠር አለባቸው።

የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበትም ቢሆን በዚህ አገር የጦሩ አይደለም። የመንደሩ ነው። መኪና በማይገባባቸው የአማራ ክልል ቀበሌዎች ሰዎች ምጥ የያዛትን ሴትና የታመመን ሰው ተራ ገብተው በቃሬዛ ያወርዳሉ፤ ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ ማኅበርና ዕድር አለ። ወታደሩ ሲወድቅ የሚያነሳውም ብዙ ጊዜ ያው ትከሻ ነው። ለእናቶች ተብሎ የተዘረጋ መንገድ ወታደርን ያድናል፤ ለወታደር የተዘጋጀ የደም ክምችት እናትን ያድናል። በ1947 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላኩ፣ በ2001 ገደማ የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሥልጠናም ጤና መኮንኖች በወረዳ ሆስፒታል ቀዶ እንዲሠሩ ማብቃቱ፣ በስም የሲቪል ሥራ ነው። በውጤቱ ግን ለሠራዊቱም ትልቅ ጉልበት ነው።

እንግዲህ ችግሩ የት ላይ ነው? እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ ልጥቀስ፤ ስለ ወታደር ሕክምና አደረጃጀት ከማውቀው ሁሉ እንደዚህ ያስተማረኝ የለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1862፣ ከቡል ራን ሁለተኛ ውጊያ በኋላ ቁስለኞች እስከ አንድ ሳምንት ሜዳ ላይ ተኝተው ቀሩ። ሐኪም አልጠፋም። ጋሪም ነበር። ጋሪዎቹ ግን የስንቅና ትጥቅ ክፍሉ ነበሩ፤ ጥይት ማመላለስ ሲፈለግ ቁስለኛው ይወርዳል። ጆናታን ሌተርማን የሚባል የፖቶማክ ጦር ዋና ሐኪም ጋሪዎቹንና ነጂዎቹን ከስንቅ ክፍሉ አውጥቶ ለሐኪሞች እንዲታዘዙ አደረገ፤ ለቁስለኛ ብቻ እንዲውሉም ሆነ። በሚቀጥለው ወር አንቲየታም ላይ እጅግ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ቁስለኞቹ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ከሜዳው ተነሱ። የተለወጠው ሐኪሙም መድኃኒቱም አልነበረም። የተለወጠው ጋሪውን የሚያዘው ሰው ነበር።

አሁን የእኛን መንገድ በዚህ ዓይን እንመልከተው። ወታደሩ የመከላከያ ነው። ወደ ደባርቅ የሚያወጣው አምቡላንስ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ነው። የደባርቅ ሆስፒታል ለክልሉ ጤና ቢሮ ተጠሪ ነው። የጎንደሩ ሆስፒታል የዩኒቨርሲቲው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ለትምህርት ሚኒስቴር ተጠሪ ነው። አንድ ቁስለኛ፣ አራት ጌታ። በሰላም ጊዜ በሪፈር ወረቀትና በስልክ ይገፋል። ቁስለኛ በአንድ ሌሊት በመቶ ሲቆጠር ግን ወረቀት አይሠራም። ደባርቅ ከአቅሟ በላይ ስትሞላ ቀጣዮቹን ወደ ዳባት ሆስፒታል አዙሩ ብሎ የሚያዝ፣ ባዶውን አምቡላንስ ከጎንደር ደም ጭኖ እንዲመለስ የሚያደርግ፣ ስልኩ የሚታወቅ አንድ ሰው መኖር አለበት።

በሽታንም መርሳት አይገባም፤ ከጥይት ይልቅ ብዙ ወታደር የጨረሰው እሱ ነው። የደባርቅ ልጅ ደጋ ተወልዶ ወባ አያውቅም፤ ከ2,000 ሜትር በታች ሲወርድ ግን ወባ ይጠብቀዋል፤ ወደ ሁመራና መተማ ቆላ ካለፈ ካላዛር አለ። በ1983 ከተበተነው ጦር መካከል የተነሳው ግርሻ የተዛመተው በቅማል ነው፤ ሳሙናና የልብስ ለውጥ ያቆሙት ነበር። ለዚህ ሥራ ሜዳሊያ አይሸለምም፤ አጎበርና ሳሙና በሰዓቱ ያደረሰ የጤና ሹም ግን አንድ ሻለቃ ሙሉ አድኗል።

ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ጀምሮ የየቤቱን ልደትና ሞት የሚመዘግብበት የክትትል ማዕከል አለ። መዝገብ ያለው አገር ነው ማለት ነው። ያው ልማድ ወደ ቁስለኛው ካርድ ይግባ፦ መቼ ተመታ፣ መቼ ታሰረለት፣ መቼ መኪና ላይ ወጣ፣ መቼ ቀዶ ክፍል ገባ። እነዚህ አራት ሰዓቶች ወታደርም ሆነ ገበሬ ሳይለዩ ሲጻፉ፣ ጊዜው የሚባክነው ሜዳው ላይ ይሁን አቀበቱ ላይ ወይም ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ማንም ሊያየው ይችላል።

የመከላከያ ጤና ዋና መምሪያ፣ የክልሉ ጤና ቢሮ፣ ዩኒቨርሲቲውና ቀይ መስቀል ደባርቅ ላይ አንድ የጋራ የድንገተኛ ማዘዣ ቢያቋቁሙ፣ ለዚያ ማዘዣ አምቡላንሱን፣ ደሙንና አልጋውን የማዘዝ ሥልጣን ቢሰጡ፣ አዲስ ሆስፒታል መገንባት ሳያስፈልግ ብዙ ነፍስ ይተርፋል። ይህን የማድረግ ሥልጣን ያላችሁ ሁሉ፣ ጉሙ ሊማሊሞን ዳግም ሳይሸፍነው፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ።